የልጅ ኮሚኮች ክረምቱን እንዲሻገሩ

ጎጃም ውስጥ ልጅን ኮሚክ፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረክ መጽሐፍ፣ ለማስጀመር ሲታሰብ፣ ችግሩ መጽሐፍ ማግኘት ብቻ ይመስላል። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ግን የተገኘውን ማቆየት የበለጠ እንደሚከብድ ይታያል። ስለዚህ ልጁ ገና ሦስት መጽሐፍ እያለው ማስቀመጫውን አብራችሁት አዘጋጁ። ራሱ ያዘጋጀውን ራሱ ይጠብቀዋል።

ፊደል ያልለየ ልጅም ሥዕል ማንበብ ይችላል። እንዲያውም በጎጃም ሥዕል ማንበብ የቆየ ልማድ ነው። ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሄደ ልጅ በግድግዳው ላይ ታሪክ ተከታትሏል። በአብያተ ክርስቲያናቱ ሥዕል ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ክፉው በጎን ሆኖ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በሸራ ላይ የሚሣለው የንግሥተ ሳባ ታሪክም አብዛኛውን ጊዜ በ44 ክፍል ተከፍሎ ነው የሚቀርበው። ለመጀመሪያ ልምምድ ከዚህ የተሻለ አይገኝም፦ ጽሑፉን ሸፍናችሁ፣ በሁለት ተከታታይ ሥዕሎች መካከል ሳይሣል የታለፈው ምን እንደሆነ ልጁን ጠይቁት። የኮሚክ ንባብ ዋና ችሎታ ይኸው ነው።

ወደ ኮሚኩ ሲገባ፣ ክፈፎቹ (እያንዳንዱ ሥዕል ያለባቸው ሳጥኖች) ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ከላይ ወደ ታች ይነበባሉ። በአንድ ክፈፍ ውስጥ ሁለት ሰው ከተናገረ ከላይ በግራ ያለው ንግግር ይቀድማል። ንግግሩ የተጻፈበት ክብ ጅራት ወደ ተናጋሪው ያመለክታል፤ በጅራቱ ፈንታ ትናንሽ አረፋዎች ካሉ ግን ሰውየው እያሰበ ነው። የጃፓን ኮሚኮች በአብዛኛው ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄዱ የሚጀምሩት ለእኛ የጀርባ ሽፋን በሚመስለው በኩል ነው። ልጁ «ታሪኩ አይገባኝም» ካለ መጀመሪያ ይህን አረጋግጡ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ከሆነ ትርጉሙን መጽሐፉ ላይ አትጻፉ። በደብተር ላይ «ገጽ 4፣ ክፈፍ 3» እያላችሁ አስፍሩት፤ በየዓመቱ ልጁ ራሱ ያርመዋል። የኔታ ዘንድ ፊደል እንደሚጠቆመው በስንደዶ ቢጠቁም ደግሞ የጣቱ ቅባት ገጹን አያበላሸውም።

አሮጌ ኮሚክ ስትገዙ ሽፋኑን ብቻ አትዩ፤ ገጽ ቁጠሩ። መሐሉ በሽቦ የተሰፋ መጽሐፍ በየአንዳንዱ ወረቀት 4 ገጽ ስለሚይዝ የገጹ ብዛት ለ4 መካፈል አለበት። ከ32 ገጽ ውስጥ ገጽ 5 እና 6 ከጠፉ ጥንዶቻቸው 27 እና 28 ናቸው፤ እነሱም ወይ ጠፍተዋል ወይ ሊወድቁ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው የመሐሉ ወረቀት ነው። ተከታታዩን ስትደረድሩ በወሩ ሳይሆን በቁጥሩ ሂዱ፤ የአሜሪካ ኮሚኮች ሽፋን ላይ የሚታተመው ወር ብዙውን ጊዜ መጽሐፉ ከወጣ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ያለው ወር ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ደግሞ ተጠቅልሎ በማዳበሪያ እንዳይጫን፣ በሁለት ጠፍጣፋ ካርቶን መካከል አሳስሩት።

አሁን ክረምቱ። ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ዝግጅቱ ግን ግንቦት ላይ ያልቃል። ርካሽ ኮሚክ የሚታተመው ከእንጨት በተሠራ ወረቀት ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት በብርሃን ይቢጫል፤ እርጥበትም ይስባል፤ ሽቦውም ዝጎ ወረቀቱን ይበላዋል። ኮሚኮቹ የተቀመጡበትን ካርቶን ከጭቃ ግድግዳ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር አርቁት፣ ከወለሉም አንሡት፣ ከማድ ቤት ጢስም አርቁት። ምስጥ ባለበት የመደርደሪያውን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሙ። ግድግዳው ላይ ቀጭን የአፈር መስመር ከታየ ምስጡ መንገድ ጀምሯልና በዚያው ቀን ዕቃውን አንሡ። ፍሊት ወረቀቱ ላይ አትርጩ፤ ያበላሸዋል፣ መርዙም የልጁ እጅ ላይ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በፌስታል ላይ ነው። እርጥበት የያዘ ኮሚክ በፌስታል ታሽጎ ሲቀመጥ ይሻግታል። በፌስታል መጠቅለል ካስፈለገ በበጋ፣ ደረቅ ሆኖ ሳለ ይሁን፤ አፉም በጥብቅ አይታሰር።

ጣሪያው አፍስሶ ከራሰ ጊዜ አትስጡት፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሻጋታ ሊጀምር ይችላል። ፀሐይ ላይ ወይም እሳት ዳር አታስጡት፤ ይጣመማል፣ ቀለሙም ይለቃል። ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ውስጥ በየአሥር ገጹ ነጭ ሶፍት አስገቡ፤ ሶፍቱ ሲርስ ለውጡት። የሚያብለጨልጭ ወረቀት ከሆነ ግን እያንዳንዱን ገጽ ገና እርጥብ እያለ ለያዩት። ተጣብቆ ከደረቀ ሥዕሉን ሳይቀድድ የሚለየው የለም። ሲደርቅ በሁለት ጣውላ መካከል አድርጋችሁ ድንጋይ ጫኑበትና ሦስት ቀን አቆዩት። ሻጋታ ካለበት መጀመሪያ አድርቁ፤ ከዚያ ደጅ ወጥታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት። በእርጥብ ጨርቅ ከተጠረገ እድፉ ይሰፋል።

የተቀደደ ገጽ ላይ ስኮች አይለጠፍ፤ ከዓመታት በኋላ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወደ ሥዕሉ ይሰርጋል። አንድ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት በአምስት ማንኪያ ውኃ በጥብጣችሁ፣ እስኪወፍር በዝግታ አማስሉ። ሲበርድ ከስስ ነጭ ወረቀት በተቀደደ ቁራጭ ላይ በጣም አሳስታችሁ ቀቡና በጀርባ በኩል ለጥፉት። ወፍራም የዱቄት ሙጫ በረሮና አይጥ ይጠራል።

የስብስቡን መዝገብ ልጁ ይያዝ፦ ርዕስ፣ ቁጥር፣ የገጽ ብዛት፣ ማን እንደተዋሰው። መጽሐፉ ላይ ያለው የፈረንጅ ዓመት ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይቀነሳል። መስከረም ሲያልቅ ሁሉንም አውጥቶ ጥላ ውስጥ ያናፍስ፤ ከመዝገቡም ጋር ያመሳክር። የዛገ ሽቦ ካገኘ በጥንቃቄ አውጥታችሁ በዚያው ቀዳዳ በነጭ ክር ስፉለት።