ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሳይደናቀፉ እንዴት ይነበባል?

ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ሲገጥመን ብዙዎቻችን ሁሉንም ፊደል በእኩል ጉልበት እንጠራዋለን። ፊደሉን አልሳትንም፤ ሰሚው ግን ግራ ይገባዋል። ጫናው፣ ማለትም አንዱን ክፍል ከሌሎቹ አጉልቶ መጥራቱ፣ ቦታውን ስቷላ!

«ኢንተርናሽናላይዜሽን»ን እንይ። በእንግሊዝኛ 20 ፊደል አለው። የኮምፒውተር ሰዎች የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ፊደል ብቻ ይጽፉና መሃሉ ላይ 18 ቁጥርን ያስገባሉ፤ የተዘለሉት ፊደላት 18 ናቸው።

መጀመሪያ ቃሉን ከጅራቱ ላጡት። «ኤሽን» ሲነሳ «ኢንተርናሽናላይዝ» የሚል ግስ ይቀራል። «አይዝ» ሲነሳ «ኢንተርናሽናል»። ከፊት «ኢንተር»ን ስታነሱ «ናሽናል»፣ ከዚያ «ኔሽን»፣ ማለትም አገር። እኛም አገር፣ አገራዊ፣ አገራዊነት እያልን እንቀጥል የለ? ልዩነቱ፣ እነሱ ሲቀጥሉ አናባቢውም ይለወጣል፤ «ኔ» የነበረው «ና» ሆኗል።

ቀጥሎ ክፍለ ቃላቱን ቁጠሩ። እጃችሁን አገጫችሁ ስር አድርጉና ቀስ ብላችሁ ጥሩት፤ አገጫችሁ ዝቅ ባለ ቁጥር አንድ ክፍል ቁጠሩ፦ ኢን–ተር–ና–ሸ–ነ–ላይ–ዜ–ሽን። 8 ናቸው። አሜሪካኖች «ላይ»ን ብዙ ጊዜ «ለ» ይሉታል፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው።

ዋናው ጉዳይ ጫናው ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው፤ ጽሑፋችን ግን ይህን አያሳይም። የእንግሊዝኛ ጫናም እንዲሁ አይጻፍም። ደግነቱ፣ የቃሉ መጨረሻ ይጠቁማችኋል። እንዲህ በ«ኤሽን» የሚያልቁ ረጃጅም ስሞች ዋናውን ጫና ከ«ሽን» በፊት ባለው ክፍል ላይ ያሳርፋሉ። «ኢንፎርሜሽን» ላይ «ሜ»፣ «ኢዱኬሽን» ላይ «ኬ»፣ እዚህ ደግሞ «ዜ»። «ኢንተርናሽናል» ላይ ዋናውን ጫና ይዞ የነበረው «ና» አሁን ሁለተኛ ሆኗል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። እንደ «ዩኒቨርሲቲ» በ«ኢቲ» የሚያልቁት ከመጨረሻው ሦስተኛው ላይ፣ «ቨር» ላይ ይጫናሉ። «ነስ» እና «መንት» ግን ጫናውን ከነበረበት አያነሱትም።

«ዜ»ን ረዘም፣ ከፍ አድርጉት። «ሸ» እና «ነ»ን ደግሞ እንደ ግዕዝ ፊደላችን አጠር አድርጋችሁ እለፏቸው። እኔ የማየው ትልቁ ችግር እዚህ ጋ ነው፤ ስህተት እንዳይመስልብን ፈርተን ደካማውን ድምፅ ሁሉ እናጎላዋለን። አትፍሩ፣ ዋጡት።

ለልምምድ ከኋላ ጀምሩ፦ ዜሽን። ላይዜሽን። ነላይዜሽን። ናሸነላይዜሽን። «ዜ» በየዙሩ እንደጎላ ከቆየ «ኢንተር»ን ጨምራችሁ በአንድ ትንፋሽ ጥሩት።