«ቶሎ ጭነህ ውሰደው» እና ሌሎች ድንገተኛ ህመምና አደጋ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሰው በቃሬዛ፣ በባጃጅ፣ በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ በር ላይ ቆሜ የምቀበለው እኔና ጓደኞቼ ነን። ብዙ ጊዜ ታካሚውን የጎዳው አደጋው ብቻ አይደለም፣ መንገድ ላይ የተደረገለት ነገርም ነው። ያንን ያደረገው ደሞ የሚወደው ሰው ነው፣ ደንግጦ። ስለዚህ የምጽፈው ማንንም ልወቅስ አይደለም።

1. ድንገተኛ ህክምና ማለት የሆስፒታሉ ክፍል ብቻ ይመስለናል

የህብረተሰብ ጤና ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ክትባት፣ ሽንት ቤት፣ አጎበር ነው። ልክ ነው እነሱም ናቸው። ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ከሚደርሰው ሞት ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጥሩ የድንገተኛ ህክምና ቢኖር ሊታገዝ በሚችል ችግር የሚመጣ ነው፣ የወለደች እናት መድማት፣ የመኪና አደጋ፣ የልጅ ሳንባ ምች፣ ስትሮክ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ናቸው። የዓለም ጤና ጉባኤም በ2007 እና በ2019 እ.ኤ.አ. አገሮች ይሄን አገልግሎት እንዲያጠናክሩ ውሳኔ አሳልፏል። እኛ አገር የድንገተኛ ህክምና ስፔሻሊስት ማሰልጠን የተጀመረው በ2010 እ.ኤ.አ. ጥቁር አንበሳ ነው፣ ማለትም ሙያው ገና ልጅ ነው። ሐኪሙ ጋ ከመደረሱ በፊት ያለውን ሰዓት ደሞ የያዘው ጎረቤት ነው፣ የመኪናው ረዳት ነው፣ እረኛው ነው።

2. የተገለበጠ መኪና ውስጥ ያለን ሰው በብብቱ ይዞ መጎተት

ጣርማበርን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጉም ሲወርድ ፊትህ ያለው ሲኖትራክ እንኳን አይታይም፣ ከዛ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱ አለ። አደጋ ሲደርስ ህዝቡ ግር ብሎ ይመጣል፣ ይሄ ደግነታችን ነው። ግን አንዱ እጁን ሌላው እግሩን ይዞ እያጠፉ ያወጡታል፣ አንገቱ ወይ ጀርባው ተሰብሮ ከሆነ ሊድን የሚችለው ሰው እዛው ሽባ ሊሆን ይችላል። እሳት ወይ ሌላ አደጋ ከሌለ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የሚደማውን በንጹህ ጨርቅ፣ በነጠላም ቢሆን፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ተጫኑ፣ «ቆመ ወይ» እያላችሁ በየደቂቃው አትግለጡት። ከዛ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ ሌሎቹ በአንድ ቃል አብረው አንከባለው ሳንቃ ወይ ቃሬዛ ላይ ያድርጉት። ውሃ አታጠጡት! ራሱን ላልያዘ ሰው ውሃው ሳንባው ነው የሚገባው። በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል፣ ከ10ሩ 9ኙ እንደኛ ባሉ አገሮች ነው።

3. ከሰል አፍኖት የወደቀን ሰው ወተት ማጠጣት፣ ሎሚ ማሸተት

ይሄ የኛ የደጋዎቹ ጉዳይ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም፣ ባና ደርበህም አይሞቅም፣ ስለዚህ ከሰሉ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል በሩም ይዘጋል። አንድ ጠዋት እናትና ሁለት ልጆች መጡ፣ ጎረቤት በር ሰብሮ ነው ያወጣቸው። ትንሿ ልጅ አፏ ዙሪያ የደረቀ ወተት ነበር፣ ራሷን ስታ እያለ ነው ያጠጧት። በኦክስጅን ተረፈች እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን ያ ወተት ትን ብሏት ቢሆንስ እያልኩ እስካሁን አስባለሁ። ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ደም ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። መፍትሔው ወደ ውጭ ማውጣትና ኦክስጅን ወዳለበት መሮጥ ብቻ ነው። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ደግሞ «ከሰል ነበር» ብላችሁ ተናገሩ፣ ምክንያቱም ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ከኦክስጅኑ መለየት ስለማይችል ሰውዬው እየሞተም እንደ ጤነኛ ሰው 98 ሊያሳይ ይችላል።

4. በእባብ የተነደፈውን መብጣትና መምጠጥ

ሸዋሮቢትና ቀወት በኩል ላላችሁ። አትብጡ፣ አትምጠጡ፣ እግሩን በገመድ ጥርቅም አታድርጉ። ቀለበትና ጫማ አውልቁ፣ የተነደፈውን ቦታ እንዳይንቀሳቀስ ደግፉ፣ ተሸክማችሁ ውሰዱት፣ ራሱ አይራመድ።

5. ለሚጥለው በሽታ ክብሪት ማጨስ

ክብሪቱ ምንም አያደርግም። አፉ ውስጥም ማንኪያ አትክተቱ፣ ጥርስ ይሰብራል። በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ህክምና።

ቃጠሎ ላይም ያው ነው፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ ይቅር፣ ቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ 20 ደቂቃ አፍስሱበት።

6. አክሞ መላክ ብቻ፣ አለመመዝገብ

ይሄ ለኛ ለባለሙያዎቹ ነው። መዝገቡ ላይ «አደጋ» ብለን ጽፈን እናልፋለን። የትኛው ኩርባ ላይ? ስንት ሰዓት? ምን መኪና? ይሄ ቢጻፍ እኮ ከወራት በኋላ አንድ ቦታ ደጋግሞ ሲመጣ ለመንገዱ ባለቤት ማሳየት ይቻላል። ከሰሉም ቢሆን የየትኛው ቀበሌ እንደሆነ ከታወቀ የጤና ኤክስቴንሽኗ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ቤት ለቤት ትናገራለች። ድንገተኛ ክፍሉ ለህብረተሰብ ጤና ዓይን የሚሆነው እንዲህ ነው፣ እኔም ራሴ ብዙ ሌሊት ደክሞኝ ሳልጽፍ አልፌያለሁ።

7. ደውሎ ዝም ብሎ መጠበቅ

የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፣ የወረዳችሁን አምቡላንስ ሹፌር ስልክም ቀድማችሁ ያዙ፣ በተለይ ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች። ቤታችን ቁጥር የለውም፣ ሹፌሩ በጉም ውስጥ ይዞራል። ስለዚህ ከደወላችሁ በኋላ አንድ ጎረምሳ ባትሪ ይዞ አስፋልቱ ዳር ይቁም፣ መኪናው ሲመጣ ያብራለት።