የውጭ ፓስፖርት ይዛችሁ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ስትሄዱ

ይህ ጽሑፍ የውጭ ዜግነት ይዛችሁ ሰሜን ሸዋ ለምትኖሩ ነው። ጡረታ ወጥታችሁ ለተመለሳችሁ፣ ለሥራ ለመጣችሁ፣ ፈረንጅ ባል ወይም ሚስት ይዛችሁ ለገባችሁ። ብዙ ሰው ትንሽ ሲያመው በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ይሮጣል። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር እኮ ነው፤ በትኩሳት ላይ ያን ያህል መንገላታት ለምን? ደብረ ብርሃን ላይ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉ አለ፣ የዩኒቨርሲቲው ሐኪም ግዛው ሆስፒታል አለ፤ መርሐቤቴ ያላችሁ ደግሞ ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል በቅርባችሁ ነው። እዚያ ያለው ሐኪም ስለ እናንተ ያለፈ ሕክምና ምንም ወረቀት የለውም። ስለዚህ ዋናው ዝግጅት የራሳችሁን መረጃ አሟልታችሁ ይዛችሁ መሄድ ነው።

መጀመሪያ ካርድ ክፍል ትሄዳላችሁ። ካርድ የሚወጣው በራስ፣ በአባትና በአያት ስም ነው። ፓስፖርት ላይ ግን የአባት ስም መሃል ገብቶ ወይም ጭራሽ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ የባሏን ስም የያዘች ሴትማ መዝጋቢውን ግራ ማጋባቷ አይቀርም። አንዱን አጻጻፍ ምረጡና ሁልጊዜ በእሱ ተመዝገቡ። በሁለት ስም ሁለት ካርድ ከወጣ ያለፈው ምርመራ ከአዲሱ ጋር አይገናኝም። የካርድ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ዕድሜ ሲጠይቋችሁ የትውልድ ዓመት አትጥሩ፣ ስንት ዓመታችሁ እንደሆነ ብቻ ተናገሩ። በፈረንጅ 1972 የተወለደ ሰው ቁጥሩን እንዳለ ካስመዘገበ ሰባት ስምንት ዓመት ይቀነስለታል። ቀጠሮም በእኛ አቆጣጠር ነው የሚሰጠው፣ ሰዓቱም እንደዚያው። አማርኛ ለማያነብ ሰው የፈረንጁን ቀን ከጎኑ ጻፉለት።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለውጭ ዜጋ የተለየ ተመን ካለ ካርድ ሳታወጡ ጠይቁ። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያላችሁ ከፓስፖርቱ ጋር አሳዩ። ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ቴሌብር ላይ ብቻ አትተማመኑ፣ ጥሬ ብር ያዙ። የውጭ ኢንሹራንስ ያላችሁ ከኪሳችሁ ከፍላችሁ በኋላ ማስመለስ እንዳለባችሁ አስቡ፤ ማህተም ያለበት ደረሰኝና የምርመራ ወረቀት ሳትይዙ አትውጡ።

መድኃኒት ላይ ግን እባካችሁ ተጠንቀቁ። የምትወስዱትን ሁሉ ከነካርቶኑ ይዛችሁ ሂዱ፣ ምክንያቱም የንግድ ስሙ እዚህ ላይታወቅ ይችላል። አሜሪካ ታይለኖል የሚባለው እዚህ ፓራሲታሞል ነው። አንድ ሰው ጠዋት ታይለኖል ውጦ፣ ሐኪሙ «ፓራሲታሞል ወስደሃል?» ሲለው «አልወሰድኩም» ካለ፣ በእጥፍ ሊወስድና ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል። አልቡቴሮል የምትሉት የአስም መድኃኒትም እዚህ ሳልቡታሞል ነው። ከካናዳ ወይም ከእንግሊዝ የመጣ የስኳር ታማሚ ደግሞ ልኬቱ ይለያይበታል፦ እዚያ 7 የሚባለው እዚህ 126 ተብሎ ይነገረዋል። ያው ነው፣ አትደንግጡ። የራሳችሁን መለኪያ ይዛችሁ ሂዱና ለሐኪሙ አሳዩት።

አገሩም የራሱ ነገር አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ ጤነኛ ሰው ላይ 92 ወይም 93 ብታሳይ ብርቅ አይደለም፤ 98 የለመደ ሰው ግን ይደናገጣል። መቼ እንደመጣችሁ ለሐኪሙ ንገሩት። ትንፋሽ ካጠራችሁ ግን ቁጥሩን ተዉትና በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

ትኩሳት ሲኖራችሁ ደግሞ የት የት እንደነበራችሁ አንድ በአንድ ተናገሩ። ጣርማበርን አልፋችሁ ሸዋሮቢት ወርዳችሁ ያደራችሁ እንደሆነ፣ ወባው ከሳምንት በኋላ ወይም ከዚያም ዘግይቶ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ሊነሳባችሁ ይችላል። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም «ቆላ ወርጄ ነበር» በሉት። የደም ምርመራ በጊዜ ይታዘዛል።

ብቻችሁን አትሂዱ። ያለ አስታማሚ ሕክምናው ይከብዳል፦ ክፍያ የሚከፍለው፣ የላብራቶሪ ውጤት የሚያመጣው፣ ሆስፒታሉ ውስጥ የጠፋውን መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ የሚፈልገው፣ ምግብ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ዘመድ ከሌላችሁ ጎረቤት ለምኑ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ለታመመ ሰው እምቢ የሚል ጎረቤት ማግኘት ይከብዳል። ተኝታችሁ የምትታከሙ ከሆነ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም የመንዝ ባና ይዛችሁ ግቡ፤ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው።

ሌላው ወረፋ ነው። ጥበቃው ወይም ሲስተሯ እንግዳ ናችሁ ብለው ከፊት ሊያስገቧችሁ ይችላሉ። ድንገተኛ ካልሆነ እምቢ በሉ። ከፊታችሁ የተቀመጡት እናት ሌሊት ተነስተው ከገጠር የመጡ፣ ማታ ደግሞ መኪና ሳያመልጣቸው የሚመለሱ ሊሆኑ ይችላሉ። በጠዋት ሂዱ፣ 2 ሰዓት ሳይሞላ፣ ተራችሁን ጠብቁ።

ሪፈር ከተጻፈላችሁ ወረቀቱ ብቻውን አይበቃም። የላብራቶሪ ውጤቱን፣ የኤክስሬይ ፊልሙን፣ የተሰጣችሁን መድኃኒት ዝርዝር አብራችሁ ውሰዱ፤ አለዚያ አዲስ አበባ ላይ ሁሉም ከሀ ይጀመራል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከመነሳታችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን መናኸሪያ ደውላችሁ አጣሩ።