የሰጠመ ሀብት የሚፈልጉ ወንድምና እህት፦ ለልጆች የባሕር ጀብዱ ልብ ወለድ እንዴት ይጻፋል?

የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከመጀመርዎ በፊት ልጆቹ የሚፈልጉት ሀብት ከባሕር ወለል ላይ እንዴት እንደ ደረሰ ይወስኑ። ብዙ ጸሐፊዎች የመስቀል ምልክት ያለበት አሮጌ ካርታ ለልጆቹ ያስረክባሉ፤ ነገር ግን ካርታው ሁሉንም ከነገራቸው ለልጆቹ መንገዱን ከመከተል በቀር ምን ሥራ ይቀራቸዋል?

ከካርታ ይልቅ የተሳሳተ መረጃ የተሻለ ታሪክ ያስገኛል። አቶቻ የተባለችው የስፔን መርከብ ወርቅና ብር ጭና ወደ አገሯ ስትመለስ እ.ኤ.አ. በ1622 በፍሎሪዳ ደሴቶች አጠገብ በማዕበል ሰጠመች። አሜሪካዊው ሜል ፊሸር ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ለዓመታት ሲፈልጋት ኖሮ ዋናውን ጭነት ያገኘው በ1985 ነው። ፍለጋው በመጀመሪያ የተካሄደው ግን በሌላ ቦታ ነበር፤ ትክክለኛውን አቅጣጫ ያመለከተው ዩጂን ሊዮን የተባለ ተመራማሪ በስፔን ከተማ በሴቪል ቤተ መዛግብት ያነበበው የጥንት የእጅ ጽሑፍ ነው። እርስዎም እህቲቱን አሮጌ ጽሑፍ የምታነብ፣ ወንድሟን ደግሞ ጠላቂ ዋናተኛ ቢያደርጓቸው አንዳቸው ያለ ሌላው አንድ እርምጃ መሄድ አይችሉም፤ ጠባቸውም እርቃቸውም ከዚሁ ይመነጫል። ወንድም እያዘዘ እህት ምግብ የምታበስልበትን የቆየ ልማድ ግን ይተዉት።

የባሕሩን ጠባይ በትክክል ይወቁ፤ ልጅ አንባቢ ሲታለል ያውቃል። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ያህል ጨው ስለሚይዝ የመጠጥ ውኃ ያለቀባቸው ልጆች ባሕር መካከል ተቀምጠው ይጠማሉ። ከጥንት መርከብ እንጨቱን ትሎች ይበሉታል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው መርከቡን ሚዛን ለማስጠበቅ ከታች የተጫነው የድንጋይ ክምር፣ መልህቅና መድፍ ነው። ወርቅ ለዘመናት ቢሰጥምም እንዳበራ ይቆያል፤ ብር ግን ይጠቁርና እርስ በርሱ ተጣብቆ ተራ ድንጋይ ይመስላል። ከዚህ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣል፦ ታናሺቱ የለቀመቻቸውን ጥቁር ጓሎች ታላቅ ወንድሟ ንቆ ወደ ባሕር ይወረውራቸዋል፤ እርሷ ግን አንዱን በኪሷ ደብቃ ኖሮ ማታ በቢላዋ ስትፍቀው ነጭ ነገር ብልጭ ይላል። ወንድሟ የወረወራቸው የት ላይ እንደ ወደቁ ለማስታወስ ሲጨነቅ ሌሊቱን ያሳልፋል።

ጣናንና ታንኳን እንጂ ባሕርን አይቶ ለማያውቅ ልጅ ሲጽፉ የመርከብ ዕቃዎችን ስም በአንድ ገጽ አይደርድሩበት። «መልህቅ» የሚለው ቃል መልህቁ ከድንጋይ ሥር ተቀርቅሮ የልጆቹ እጅ በገመዱ ሲላጥ ቢመጣ አይረሳም።

አደጋውንም አያቅልሉት። የፊሸር ልጅ ዲርክ የአቶቻን የነሐስ መድፎች ባገኘ በቀናት ውስጥ ጀልባው ተገልብጦ ከሚስቱ ጋር በ1975 ሞቷል። በልጆች መጽሐፍ ሞትን ማሳየት ግድ ባይሆንም ጀልባው ውኃ መያዝ ሲጀምር ልጆቹ በእውነት ሊፈሩ ይገባል።

የሀብቱን ባለቤት ጉዳይ ለመጨረሻ ያቆዩት። በ2001 የወጣው የዩኔስኮ ስምምነት ከ100 ዓመት በላይ በውኃ ሥር የቆየ ቅርስ ለንግድ እንዳይውል ይከለክላል። ስለዚህ ልጆቹ ሳንቲሞቹን ተካፍለው ወደ ቤታቸው ከሚገቡ ይልቅ አንዱ «እኛ አገኘነው» ሲል ሌላዋ «የሰጠሙት ሰዎች ነው» ብትል፣ የመጨረሻዎቹ ገጾች ከማዕበሉ ያልተናነሰ ውጥረት ይኖራቸዋል።