ማሽኑ አሻንጉሊቱን አንስቶ ለምን ይጥለዋል? ችግርና መፍትሄ

አሜሪካ ውስጥ ከልጅ ጋር ሞል ወይም ፒዛ ቤት የገባ ሰው ይህን ማሽን ያውቀዋል። መስታወቱ ውስጥ አሻንጉሊት ተከምሯል፣ ከላይ የተንጠለጠለውን ጥፍር እየመራችሁ ቁልፍ ስትጫኑ ወርዶ አንዱን ሊያነሳ ይሞክራል፤ ዶላሩ ይገባል፣ የሚወጣ ነገር የለም።

አንስቶት ነበር፣ ላይ ሲደርስ ለቀቀው

ምክንያት፦ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእጃችሁ አይደለም። ጥፍሩ የሚጨብጠው በኤሌክትሪክ ነው፤ የጉልበቱን መጠን የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ሲያነሳ ጠበቅ፣ ላይ ሲደርስ ላላ እንዲል ማድረግ ይቻላል። የተወሰነ ገንዘብ ሳይሰበስቡ ሙሉ ጉልበታቸውን የማይሰጡ ማሽኖችም አሉ።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ሌላ ሰው ሲጫወት ቆማችሁ እዩ። አሻንጉሊቱ ከፍ ሲል ጥፍሮቹ ከተላቀቁ ማሽን ቀይሩ። “ይሄን ሁሉ ሰው በልቷል፣ አሁን ተራዬ ነው” ማለት አያዋጣም። ተራው መቼ እንደሚደርስ ከውጭ አይታይም፤ እልህ ከያዛችሁ ደግሞ ኪሳችሁን ያራግፈዋል።

ዳብሶት ብቻ ይመለሳል

ምክንያት፦ አሻንጉሊቶቹ ተጠቅጥቀዋል። አዲስ የተሞላ ማሽን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው።

መፍትሄ፦ ቆንጆውን ሳይሆን ልል የተቀመጠውን፣ በተለይ ለመውጫው ቀዳዳ የቀረበውን ምረጡ። እስከ ወገቡ የተቀበረ ድብ ይቅርባችሁ። በጀርባው የተኛ ድብ ካገኛችሁ ግን ጥፍሩን ሆዱ ላይ አታውርዱት። ጭንቅላቱ ትልቅ ከሆነ ክብደቱ ወደዚያ ስለሚያደላ ተንሸራቶ ይወድቃል። ወደ አንገቱ ጠጋ አድርጉት፤ አንዱ ጥፍር በብብቱ ስር ከገባ፣ ጭብጡ ደካማ ቢሆንም እንኳ ክንዱ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ክብና ሙልጭ ያለ ነገር ግን የሚያዝበት የለውም።

ልክ ነበር፣ ሲወርድ ሳተ

ከፊት ለፊት ቆሞ ርቀት መገመት ያሳስታል። ልጁን በጎን መስታወት በኩል አቁሙትና “ትንሽ ወደ ኋላ” ይበላችሁ። ሥራ ሲሰጠው ደግሞ ልብሳችሁን መጎተቱን ይተዋል። ጥፍሩ መወዛወዙን ሳያቆም ቁልፉን አትጫኑ፤ ሰዓቱ እየቆጠረ ስለሆነ ግን ብዙ አትቆዩ።

መውጫው አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ

ማሽኑን አትነቅንቁት፤ ንቅናቄ ሲሰማ የሚጮህ አለ። ሠራተኛ ጠርታችሁ አሳዩት። ሴጋ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ የሠራው ዩፎ ካቸር የሚባል ተመሳሳይ ማሽን ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚታወቅባት ጃፓን፣ ሠራተኛ ጠርቶ “እባክህ አስተካክልልኝ” ማለት የተለመደ ነው፤ የሚያፍርበት የለም። ሱፐርማርኬት በር ላይ የቆመው ማሽን ግን ጠባቂ የለውም። እዚያ ከሆናችሁ፣ ወይም ማሽኑ ሳያጫውት ገንዘባችሁን ከበላ፣ የባለቤቱ ስልክ ተለጥፎ እንደሆነ ፈልጉ። ከመሄዳችሁ በፊት ፎቶ አንሱት።