አሮጌ ፒካፕ ስትጠግኑ ከስር ጀምሩ፣ ቀለሙ ይደርሳል

አሮጌ ፒካፕ አግኝታችሁ ነፍስ ልትዘሩበት ካሰባችሁ ለጊዜው ቀለሙን እርሱት። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ኮፋኖው ወደ ኒኬሉ ወደ ወንበሩ ነው፣ ቶሎ ያምራላ፣ ከዛ ሁሉም ተቀብቶ ሲያልቅ ሻንሲው (መኪናውን የሚሸከመው የብረት አጽም) ከስር በስብሶ ይገኝና የተሠራው በሙሉ እንደገና ይፈታል። እኔ ሁሌም የምሄድበት ቅደም ተከተል ይሄ ነው፣ መጀመሪያ መኪናውን የሚሸከመው፣ ቀጥሎ የሚያቆመው፣ ከዛ የሚያስኬደው፣ ቀለም መጨረሻ።

ፒካፕ ደሞ ለዚህ ሥራ በጣም የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ በ1947 የወጣው ሼቭሮሌት በሉት (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጠራው)፣ የ1953ቱ ፎርድ ኤፍ 100 በሉት፣ በ1968 የመጣው የመጀመሪያው ቶዮታ ሃይሉክስ በሉት፣ ሁሉም አሠራራቸው አንድ ነው፣ ሻንሲው ለብቻው፣ ጋቢናው ለብቻው፣ ካሶኒው (ዕቃ የሚጫንበት ሳጥን) ለብቻው፣ አንዱ ካንዱ በብሎን ታስሮ ነው የቆመው። ስለዚ ሰው ጠርታችሁ ካሶኒውን ማንሳት ትችላላችሁ፣ አንሱትም፣ ምክንያቱም ትልቁ ችግር የሚደበቀው እሱ ስር ነው። የካሶኒው ብሎኖች መቼም በቀላሉ አይፈቱም፣ ቀደም ብላችሁ ዝገት የሚፈታ ዘይት እያጠጣችሁ አሳድሯቸው፣ እምቢ ካሉ ጭንቅላታቸውን በግራይንደር ቁረጡት፣ አዲስ ብሎን ማግኘት ቀላል ነው፣ ስትታገሉ የተቀደደ ላሜራ ግን ብዙ ሥራ ያመጣል።

ካሶኒው ከተነሳ በኋላ ትንሽ መዶሻ ይዛችሁ ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ እየመታችሁ ሂዱ፣ ቸኩላችሁ አትለፉት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ መዶሻውም ይነጥራል። የበሰበሰው ድፍን ያለ ድምፅ ነው ያለው፣ ሲመታም ቅርፊት ይረግፍበታል፣ እዛ ቦታ ላይ ካቻቪቴ ወግታችሁ ገፋ አርጉት፣ ከገባ ወይ ከሰረጎደ ያ ብረት አልቋል። ትኩረት የሚፈልጉት ቦታዎች የኋላ ባሌስትራ (የላሜራ ስፕሪንጉ) የሚታሰርበት ጋ፣ ጋቢናው በላስቲክ ላይ የሚቀመጥባቸው ነጥቦች፣ ከፊት ጎማ ኋላ ጭቃ የሚረጭበት፣ እና ሻንሲው ዝግ ሳጥን ሆኖ ውስጡ አፈር የሚያጠራቅምበት ቦታ ናቸው። ውጪው ደህና መስሎ ውስጡ ያለቀ ብዙ ነው፣ ስለዚ በቀዳዳዎቹ መብራት እያስገባችሁ እዩ። ሻንሲው መጣመሙን ለማየት ደሞ ሜትር ይበቃል፣ ከፊት ግራ ካለ ቀዳዳ እስከ ኋላ ቀኝ ካለው አቻው ለኩ፣ ከዛ በተቃራኒው፣ ሁለቱ ልኮች ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ከተለያዩ መኪናው ተጋጭቷል ወይ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል ማለት ነው፣ ሳይቃና ምንም አይሠራበትም።

ብየዳው ላይ እለምናችኋለሁ ዝገት ላይ ላሜራ አትለጥፉ። ዝገቱ ከስር መብላቱን አያቆምም፣ እንደውም ውሃ የሚያቁር ኪስ ሠራችሁለት ማለት ነው። ጤነኛው ብረት እስኪመጣ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ የምትተኩት ከነበረው ውፍረት ጋር እኩል ይሁን፣ ማጠናከሪያ የምትጨምሩ ከሆነ ደሞ ጫፉን ቀጥ አርጋችሁ ሻንሲውን በአንድ መስመር ተሻግራችሁ አትበይዱት፣ ጭነት ሲመጣ እዛው መስመር ላይ ነው የሚሰነጠቀው፣ ጫፉ እንደ ዳይመንድ ሹል ይሁን። ከመበየዳችሁ በፊት ባትሪው ይነቀል፣ የነዳጅ ታንከሩም ከመኪናው ይውጣ። ብየዳ ገና እየተማራችሁ ከሆነ በጋቢናው ወለል ተለማመዱ፣ ሻንሲውን ግን ለበያጅ ስጡት፣ በመንገድ ላይ የሰው ሕይወት አለበት።

የጋቢና ወለል ስትቆርጡ መጀመሪያ በሩን ዝጉና ዙሪያውን ክፍተቱን ለኩ፣ ከዛ የበሩን ክፈፍ ከውስጥ በብረት ቱቦ ወጥሩት፣ አለበለዚያ ወለሉ ሲወጣ ጋቢናው ይላላና በሩ ዳግመኛ አይገጥምም። የቦዲ ላሜራ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊሜትር ቢሆን ነው፣ ሙቀት አይችልም። በተከታታይ አትበይዱት፣ በየ2 እና 3 ሳንቲሜትሩ ነጥብ ነጥብ እያረጋችሁ፣ አንዴ እዚ አንዴ እዛ፣ በመሃል እየቀዘቀዘ፣ ቀስ ብላችሁ ነጥቦቹን አገናኙ።

አንድ ነገር ደሞ፣ የምትፈቱትን ሁሉ ሳትፈቱት በፊት ፎቶ አንሱት፣ ብሎኖቹን በየፌስታሉ አርጋችሁ የየት እንደሆኑ ጻፉበት፣ አሮጌውን ዕቃ አዲሱ ገጥሞ ሠርቶ እስክታዩት አትጣሉ። አዲስ ብለው የሚሸጡት ብዙ ጊዜ ቀዳዳው አይገጥምም፣ አሮጌው ይጠገናል ወይ መለኪያ ይሆናል።

አሁን ወደ ፍሬን። የቆመ መኪና አስነስቶ ከማሽከርከር በፊት ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል፣ ይሄ ድርድር የለውም። ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ፒካፖች የፍሬን ማስተራቸው (ፔዳል ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ባለ አንድ ክፍል ነው፣ ማለት የትኛውም ጎማ ጋ ዘይቱ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። ፒካፑን በየቀኑ ልትነዱት ካሰባችሁ ባለ ሁለት ክፍል ማስተር እንድታስገቡ ነው የምመክረው፣ ያው የድሮውን እንደነበረ ማቆየት የሚወድ አለ፣ እኔም ኦሪጅናል ዕቃ እወዳለሁ፣ እዚ ላይ ግን አልስማማም።

የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸው የላስቲክ ቱቦዎች ከውጪ ሲታዩ ደህና ይመስላሉ፣ ውስጣቸው ግን አብጦ ይዘጋል፣ ምልክቱም ፍሬን ረግጣችሁ ስትለቁ ጎማው እንደተያዘ መቅረቱ ነው። ዕድሜያቸውን ካላወቃችሁ ሁሉንም ቀይሩ። የዊል ሲሊንደሮቹን (ጎማው ጋ የፍሬን ሸራውን የሚገፉትን) ላስቲክ ገልብጣችሁ እዩ፣ እርጥብ ከሆነ ጎሚኒው (ውስጥ ዘይቱን የሚይዘው ላስቲክ) ለቋል። የፍሬን ዘይት ውሃ ከአየር ይስባል፣ ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም፣ ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ራሱ 140 ነው የሚጠይቀው፣ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወለል የሚነካው በዚ ነው፣ ስለዚ አሮጌው ዘይት በሙሉ ይውጣ። የሞተር ዘይት ወይ ሌላ ተራ ዘይት ደሞ ጠብታም እንዳይገባ፣ ጎሚኒውን አሳብጦ ያበላሸዋል። አየር ስታወጡ ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምራችሁ ወደ ቅርቡ ኑ።

ታምቡሩን (የፍሬን ሸራውን የሚሸፍነውን ክብ ብረት) ስትከፍቱ ውስጡ ያለውን አቧራ በኮምፕረሰር አየር አትንፉት። የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ አለበት፣ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው። ውሃ ረጭታችሁ አርጥቡት፣ በጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ጣሉ።

እዛው ጎማው ጋ እያላችሁ የፊቱን በክሪክ አንሱና ብረት ድጋፍ ላይ አስቀምጡት (ክሪክ ብቻውን ላይ በቆመ መኪና ስር እንዳትገቡ)፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተወዛወዘ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥላችሁ፣ ውዝዋዜው ከጠፋ ኩሽኔታው ነው የላላው፣ ካልጠፋ ኪንግ ፒኑ ወይ ቦል ጆይንቱ (መሪ ሲዞር የፊት ጎማው የሚታጠፍበት መጋጠሚያ) ነው ያለቀው። የጎማ ዕድሜ ደሞ በጥርሱ አይታይም፣ ጎኑ ላይ ካለው ኮድ የመጨረሻዎቹን 4 አሃዞች አንብቡ፣ 2319 ካለ የ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው፣ 3 አሃዝ ብቻ ከሆነ ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና አውጡት። ከበድ ያሉ አሮጌ ፒካፖች ላይ ደሞ ቀለበት ያለው ተፈታቺ ቸርኬ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ እሱን ራሳችሁ አትፍቱ አትንፉም፣ ቀለበቱ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል፣ የብረት ኬጅ ላለው ጎማ ሠሪ ውሰዱት።

ሞተር። ለዓመታት የቆመ ሞተር ላይ ባትሪ አስራችሁ ሞተሪኖ አትምቱ፣ ተይዞ ከሆነ ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) ትሰብራላችሁ። ካንዴላዎቹን ፍቱና በየቀዳዳው ዘይት ጨምሩ፣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅሎ መጨመር ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው፣ እኔም የምመርጠው እሱን ነው፣ እሳት ግን እንዳይጠጋው። ቀናት ስጡት። ከዛ የፊተኛው ፑሌ ብሎን ላይ ረጅም ቁልፍ አስገብታችሁ ሞተሩ ወደሚዞርበት አቅጣጫ በእጅ ሞክሩ፣ ትንሽ ከተነቃነቀ መልሱት፣ እንደገና፣ ወዲያ ወዲህ እያላችሁ ይለቃል፣ በጉልበት ከመጣችሁ ግን ይሰበራል። ሲለቅ ካንዴላዎቹ እንደተፈቱ ብዙ ጊዜ አዙሩት፣ ያጠጣችሁት ፈሳሽ ሁሉ ይውጣ፣ ሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ እያለ ካንዴላ ተገጥሞ ቢነሳ ፈሳሽ አይታመቅምና ቢዬላውን (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጣምመዋል። ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ።

የነዳጅ ታንከሩን አውርዱት። የቆየ ቤንዚን ወደ ሙጫነት ይለወጣል፣ ሽታው ራሱ ኮምጣጣ ነው፣ ካርቡሬተሩን የሚደፍነው እሱ ነው። ውስጡ የዛገ ከሆነ አቼቶ ሞልታችሁ አንድ ሁለት ቀን አስቀምጡ፣ ከዛ በሶዳ ውሃ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁት። ታንከሩ ባዶ ነው ብላችሁ ብየዳ ወይ ግራይንደር እንዳታስጠጉበት፣ የሚፈነዳው ጋዙ ነው፣ ባዶው ከሙሉው የባሰ ነው።

ሞተሩ ተነስቶ ከሞቀ በኋላ ኮምፕረሽን (እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚያምቀውን ግፊት) ለኩ፣ ካንዴላ ሁሉ ተፈቶ፣ ነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ተረግጦ። ቁጥሩ ራሱ ትልቅ ከመሆኑ ይልቅ ሲሊንደሮቹ መቀራረባቸው ነው ዋናው፣ ልዩነቱ ከ10 እስከ 15 ፐርሰንት ባይበልጥ ጥሩ ነው። ዝቅ ያለው ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት፣ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፣ ካልተለወጠ ቫልቭ ነው፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ ብቻ ዝቅ ካሉ ደሞ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለት መሃል ያለው ማሸጊያ፣ መሃላቸው ተቃጥሏል። ሃይሉክስ ላይ ቫልቭ የሚያንቀሳቅሰው ሰንሰለት ነጠላ የሆነበት 22አር የሚባለው ሞተር ካላችሁ ጠዋት ሲነሳ ከፊት በኩል የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማችሁ አታቆዩት፣ የሰንሰለቱ ፕላስቲክ መምሪያ ተሰብሮ ነው፣ ሰንሰለቱ የፊት ሽፋኑን ይበላውና ውሃና ዘይት ይቀላቀላል። የድሮ ካምቢዮ ውስጥ ደሞ ጂኤል 4 የሚባለውን የማርሽ ዘይት አርጉ፣ አንዳንዱ ጂኤል 5 ውስጡ ያሉትን የናስ ቀለበቶች ይጎዳል።

ኤሌክትሪኩ ላይ ከሁሉ በፊት ቮልቱን አረጋግጡ። ሼቭሮሌት ፒካፕ ወደ 12 ቮልት የገባው በ1955፣ ፎርድ በ1956 ነው፣ ከዛ በፊት 6 ቮልት ነበሩ፣ የፎርዱ ደሞ ከሻንሲ ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው፣ ሳያዩ ገልብጦ ማሰር ዕቃ ያቃጥላል። በጨርቅ የተሸፈነ ሽቦ ካለና ስታጥፉት ከተፈረፈረ ቁራጭ ሽቦ እየቀጠላችሁ አትለፉት፣ ሙሉ ሽቦውን ቀይሩ። አብዛኛው የአሮጌ መኪና የኤሌክትሪክ ችግር ግን የመሬት መስመሩ ነው፣ ሞተሪኖው ሲደክም ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት የቮልት መለኪያውን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ሌላውን ንጹህ የሞተር ብረት ላይ አርጉና ሰው ሞተር ያስነሳላችሁ፣ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ ገመዱ ወይ ማሰሪያው ነው፣ ፍቱት፣ ብረቱ እስኪያበራ ፈትጉት፣ መልሳችሁ እሰሩ።

ቀለም አሁን መጣ። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አትፈትጉት፣ በውሃ ይሁን፣ ማስክ አርጉ፣ ልጆች ካሉበት ራቁ። ራቁት ላሜራ ላይ መጀመሪያ ኢፖክሲ ፕራይመር፣ ስቱኮ (ጎድጎድ ያለውን የሚሞላው) ከሱ በላይ፣ ከ3 ሚሊሜትር አይብለጥ፣ ከዛ በላይ ከጠየቀ ላሜራው ገና አልተቃናም። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን ቀለም ስትረጩ ተራ የአቧራ ማስክ አይበቃም፣ አይሶሳያኔት የሚባለው ኬሚካል አስም ያስይዛል፣ ንጹህ አየር ከውጪ የሚያስገባ ማስክ ከሌላችሁ ለቀለም ቤት ስጡት። ደሞ በሩ ስርና ጋቢናው ስር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በስቱኮና በቀለም እንዳትደፍኗቸው፣ ዝግ ቦታዎቹ ውስጥ ሰም ርጩ። ካሶኒው ላይ ያለውን የጭነት ጭረት ሁሉ ማጥፋት ግዴታ አይመስለኝም፣ ፒካፕ የሠራ መኪና ነው፣ ዝገቱን አቁሙና ምልክቱን ብትተዉት ያምራል። ወለሉ እንጨት ከሆነ ጣውላዎቹን አጣብቃችሁ አትግጠሙ፣ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ትንሽ ክፍተት ተዉለት።

መጀመሪያ ስትነዱት ባዶ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ፣ ፍሬኑን ደጋግማችሁ እየሞከራችሁ ይሁን። ስትመለሱ አራቱንም ቸርኬ በእጅ ዳብሱ፣ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከጋለ ፍሬኑ ይዟል ወይ ኩሽኔታው ጠብቋል። መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄደ በኋላ የጎማ ዳዶዎቹንና የባሌስትራውን ስታፋ (ማሰሪያ ብረት) እንደገና አጥብቁ፣ አዲስ የታሰረ ነገር ይቀመጥና ይላላል፣ የፍሬን ሸራውንም ያኔ እንደገና አስተካክሉት።