ጣሪያው የሚያፈስሰው በምስማሩ ነው ወይስ በተዳፋቱ?

ጎንደር ላይ ሐምሌ ገብቶ ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር፣ ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚወቅሰው ምስማሩን ነው። ቀዳዳ የመሰለውን ሁሉ ይደፍናል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ውሃው እዚያው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። ገንዘብ ከማውጣት በፊት ተዳፋቱን፣ ማለትም ጣሪያው ምን ያህል እንደሚያዘነብል፣ መለካት ይቀድማል። የሚያስፈልገው ውሃ ልክ (አረፋ ያለው የአግድም መለኪያ) እና ሜትር ነው።

ችግር፦ ምስማሮቹ ደህና ናቸው፤ ንፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ ግን ቆርቆሮ ከቆርቆሮ በሚደራረብበት መስመር ያፈስሳል

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ተዳፋቱ ማነሱ ነው። ውሃው ቶሎ ስለማይወርድ መደራረቢያው ላይ ይቆያል፤ ንፋሱ ደግሞ ወደ ላይ እየገፋ በክፍተቱ ያስገባዋል። በካፊያ ጊዜ ምንም የማይታየው ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ አንድ ሜትር የሚረዝም ውሃ ልክ ያዙ። ከቤቱ ውስጥ ሆናችሁ አንዱን ጫፍ ከጣሪያው ወራጅ እንጨት (ከአናት ወደ ግድግዳ የሚወርደው) የታች ጠርዝ ጋር አስነኩ፤ ሌላኛው ጫፍ ወደ ጣሪያው አናት አቅጣጫ ይሁን። አረፋው መሃል ሲቆም፣ ከዚህ ከሁለተኛው ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እስከ እንጨቱ ያለውን ለኩ። ያገኛችሁት ሴንቲሜትር ራሱ መቶኛው ነው፤ 6 ሴንቲሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 6 በመቶ ነው። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ መለካት አያስፈልግም፤ አደገኛም ነው።

ተደራርቦ ለሚሠራ ሞገዳማ ቆርቆሮ እኔ ከ18 በመቶ በታች አልመክርም፤ ይህ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። የቤቱ ስፋት 8 ሜትር፣ አናቱም መሃል ላይ ከሆነ፣ የአንዱ ወገን አግድም ርቀት 4 ሜትር ነው። በ6 በመቶ አናቱ ከግድግዳው በላይ 24 ሴንቲሜትር ብቻ ከፍ ይላል፤ በ18 በመቶ 72 መሆን ነበረበት። ስለዚህ 48 ሴንቲሜትር ማንሳት ነው እውነተኛው መፍትሄ። አቅም ካልፈቀደ ከአናት እስከ ጠርዝ መሃል ላይ የማይቀጠል ረጅም ቆርቆሮ አስቆርጡ። መደራረቢያውን ወደ 30 ሴንቲሜትር አስረዝሞ ማሸግም ይረዳል፤ ነገር ግን ጊዜ ይገዛል እንጂ ችግሩን አይነቅልም።

ችግር፦ የተሰላው የተዳፋት ቁጥር ከአናጢው ቁጥር ጋር አይገናኝም

ሁለት ነገር መርምሩ። አንደኛ፣ የአናቱ ቁመት ለቤቱ ሙሉ ስፋት ተካፍሎ ይሆናል፤ 1 ሜትር ለ8 ሲካፈል 12.5 በመቶ ይሰጣል፣ ትክክለኛው ግን 1 ለ4፣ ማለትም 25 በመቶ ነው። ሁለተኛ፣ አንዱ በመቶኛ፣ ሌላው በዲግሪ ይናገራል፤ 20 በመቶ 11 ዲግሪ ገደማ ሲሆን 20 ዲግሪ ግን 36 በመቶ ነው። 100 በመቶ ማለት 45 ዲግሪ እንጂ ቀጥ ያለ ግድግዳ አይደለም።

ችግር፦ ሁለቱ የጣሪያ ወገኖች እኩል አልሆኑም

ይህ የጎንደር መሬት ጣጣ ነው። ከተማዋ በአንገረብና በቃሃ ወንዞች መካከል ከፍና ዝቅ በሚል መሬት ላይ ስለተሠራች፣ ቁመትን ከመሬት ተነስቶ የለካ ሰው የኮረብታውን ዳገት ጣሪያው ውስጥ ይጨምረዋል። አዘዞ አካባቢ ባለው ሜዳ ላይ ስህተቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ዳገት ላይ ግን ከአንዱ ማዕዘን እስከ ሌላው ከግማሽ ሜትር ሊያልፍ ይችላል።

ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፎች በተቃራኒ ግድግዳዎች ላይ አቁሙ። ውስጡ አየር አይቅር፤ አየር ካለ ልኩ ይዋሻል። ውሃው በሁለቱም ጫፍ የቆመበትን ምልክት አድርጉና ቁመትን ሁሉ ከዚያ መስመር ጀምሩ።

ችግር፦ የተገዛው ቆርቆሮ አጠረ

የታሰበው አግድም ርቀቱ ነው፤ ቆርቆሮው የሚተኛው ግን በተዳፋቱ ላይ ነው። አግድሙንና ቁመቱን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዙ፣ ደምሩ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት አውጡ። ከግድግዳ ውጭ የሚወጣውን ግማሽ ሜትር ጨምሮ አግድሙ 4.5 ሜትር ቢሆን፣ በ18 በመቶ 4.57 ሜትር ይፈልጋል፤ ልዩነቱ ጥቂት ነው። በ50 በመቶ ግን 5.03 ሜትር ይደርሳል። መሃል ላይ የሚቀጠል ከሆነ የመደራረቢያውን ርዝመት በዚህ ላይ ደምሩ።